ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ



አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ፣ ልጃችሁ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ቀጭን ልቦለድ በቦርሳው ይዞ ወደ ቤት የመምጣቱ ነገር ብዙ አያጠራጥርም። መጽሐፉ «ዘ አውትሳይደርስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ከአጥር ውጭ የቀሩት» እንደ ማለት ነው። ገለጥ ገለጥ ስታደርጉት ጎረምሶች በጩቤ ይፈላለጋሉ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ከቤት ይጠፋሉ። «ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ይህን እንዲማር ነው ወይ?» ብላችሁ ብትቆጡ የሚፈርድባችሁ የለም። ነገር ግን ከመቆጣታችሁ በፊት መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው፣ ለምን እንደ ጻፈው፣ ወደ ስልሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜስ እንዴት ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ሳይወርድ እንደ ቀረ ብታውቁ አትጐዱም።

እኔ ዛሬ እንጀራዬ ታክሲ ነው፤ አገር ቤት ሳለሁ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ የማነባቸውን መጻሕፍት የማገኘው ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍቱን በሳንቲም ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አለ። ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለኮረዶችና ለጎረምሶች የተጻፈ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ማኅበራዊ ችግር የሚተርክ፣ ገጹ ወይቦ ሽፋኑ የተላጠ ልቦለድ። አንድ ሁለት እያልኩ ብዙውን አነበብኩት። የደረስኩበትን በአጭሩ ልንገራችሁና ወደ ታሪኩ እንገባለን፦ ከነዚህ መጻሕፍት መካከል አንባቢን ያልከዱት ልጆችን ያዳመጡ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፤ ልጆችን ለማስፈራራት የተጻፉት ግን በመጨረሻ ተጋልጠዋል። ይህ ደግሞ በባዕድ አገር ልጅ ለምናሳድግ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ጎረምሳ የሚባል አንባቢ ከየት መጣ?

በድሮዪቱ አሜሪካ እንደ አገራችን ሁሉ ሰው ወይ ልጅ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሥራ የያዘ አዋቂ። በመካከል የሚቆይበት ሰፊ ዘመን አልነበረውም። በ1900 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ውስጥ ሃይስኩል የሚጨርሱት 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በእርሻ፣ በፋብሪካና በሰው ቤት ሥራ ላይ ነበሩ። በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። አባወራው ራሱ ሥራ አጥቶ በተሰለፈበት ዘመን ለልጅ ሥራ የሚሰጥ አልነበረምና ልጆቹ ትምህርት ቤት ቆዩ። በ1940 ግማሽ ያህሉ ሃይስኩልን የሚጨርሱ ሆኑ።

እንግዲህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ አብሮ የሚውል፣ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ዘፈንና የራሱ ጭንቀት ያለው ትውልድ ተፈጠረ። «ቲንኤጀር» የሚለው ቃል በሰፊው የተለመደውም በ1940ዎቹ ነው። ይህን አዲስ አንባቢ ቀድመው ያዩት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። የኒው ዮርክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከ1929 ጀምሮ ለወጣቶች የሚሆኑ መጻሕፍትን ዝርዝር እያዘጋጀ ያወጣ ነበር። ባልቲሞር በሚገኘው በኢኖክ ፕራት ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረችው ማርጋሬት ኤድዋርድስ ደግሞ በ1940ዎቹ መጻሕፍትን በፈረስ ጋሪ ጭና በየሰፈሩ ትዞር ነበር። የደብረ ዘይትን ጋሪ የምታውቁ ሁሉ ትዕይንቱ በዓይነ ሕሊናችሁ ይታያችኋል። እኔ በበኩሌ ይህችን ሴት ከሙያ ባልደረቦቼ እቆጥራታለሁ፤ ሁለታችንም ሰው ወዳለበት የምንሄድ ነንና።

የስደተኛዋ ልጅ አንድ በጋ

አንባቢው ተገኘ፤ መጽሐፉስ? እዚህ ላይ የምትመጣው ሞሪን ዴሊ ናት። በ1921 አየርላንድ ውስጥ ተወለደች፤ በልጅነቷ ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ዊስኮንሲን ግዛት ፎን ዱ ላክ በምትባል ከተማ አደገች። የኮሌጅ ተማሪ ሳለች የጻፈችው «ሰቨንቲንዝ ሰመር» (አሥራ ሰባተኛው በጋ) በ1942 ታተመ። አሳታሚው ያወጣው ለአዋቂዎች ብሎ ነበር፤ የወሰዱት ግን ኮረዶቹ ናቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንጂ የምትባል ልጅ ሃይስኩል ጨርሳ ኮሌጅ እስክትገባ ባለው አንድ በጋ፣ ጃክ ከሚባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጋር ፍቅር ይይዛታል። አንድ ቀን ጃክ እነርሱ ቤት ተጋብዞ ሲበላ ማንኪያው ከጥርሱ ጋር እየተጋጨ ድምፅ ያሰማል፤ አንጂም በቤተሰቧ ፊት በሐፍረት ትሸማቀቃለች። ዴሊ የመደብን ልዩነት በአንድ ማንኪያ አሳየች። የፍቅር ታሪክ የኅብረተሰብን ቁስል ተሸክሞ እንደሚሄድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መካከል የቆመው የባላባት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ያውቀዋል። ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ ኅብረተሰብ።

ከዴሊ በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የኮረዶች የፍቅር ልቦለድ እንደ ጎርፍ ወረደ። ከነዚህ መካከል ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረችው የቤቨርሊ ክሊሪ «ፊፍቲን» (አሥራ አምስት) በ1956 ወጣ። የሰው ሕፃን እየጠበቀች የኪስ ገንዘብ የምታገኝ ጄን የምትባል ልጅ፣ ለውሾች ቀለብ የሚሆን የፈረስ ሥጋ በየቤቱ ከሚያድል ስታን ከሚባል ልጅ ጋር ትተዋወቃለች። ስልክ እስኪጠራ የምትጠብቅባቸው ሰዓታት፣ ልብሷ የማይመጥን መስሎ ሲሰማት የሚይዛት ድንጋጤ፣ ሁሉም በእውነት የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሏል፦ በነዚህ ከተሞች ውስጥ ጥቁር ልጅ አይታይም፣ የቤት ኪራይ ያልተከፈለበት ቤት አይታይም፣ የሚሰክር አባትም በብዛት አይታይም።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ተቆጥሮ የታወቀ ነው። ናንሲ ላሪክ የምትባል የሥነ ጽሑፍ መምህርት በ1965 ባወጣችው ጥናት፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1964 ለልጆች የታተሙ 5,206 መጻሕፍትን ብትመረምር አንድ ጥቁር ሰው እንኳ የሚገኝባቸው ከመቶ 6.7 ብቻ ሆነው አገኘች። ለጥናቱ መነሻ የሆናትም የአምስት ዓመት ጥቁር ሕፃን «መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ልጆች ለምን ሁልጊዜ ነጮች ይሆናሉ?» ብላ መጠየቋ ነው።

ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎ ለመመለስ የሞከረ ሰው ነበር። ሎሬንዝ ግራሃም የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1924 ላይቤሪያ ሄዶ ያስተምር ነበር። እዚያ የሚያውቃቸውን አፍሪካውያን እንደ ሰው የሚያሳይ መጽሐፍ ቢፈልግ አጣና ራሱ መጻፍ ጀመረ። በአሜሪካ ደቡብ ሐኪም ለመሆን ስለሚመኝ አንድ ጥቁር ልጅና ስለ ቤተሰቡ የጻፈው «ሳውዝ ታውን» ለዓመታት በአሳታሚዎች ሲመለስ ቆይቶ በ1958 ታተመ። አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ የአንድ አስተማሪ ጥያቄ ለአሜሪካ ልጆች መጽሐፍ ሆነ።

የቱልሳዋ ተማሪ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። አሁን የምነግራችሁ ልጅ ግን ያቦካችው እስከ ዛሬ ድረስ እየተበላ ነው።

ኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ ከተማ በሚገኘው ዊል ሮጀርስ ሃይስኩል ሱዛን ሂንተን የምትባል ተማሪ ነበረች። በትምህርት ቤቱ ሁለት ወገን ነበር። የሀብታም ልጆቹ «ሶሽ» ይባላሉ፤ የድሃ ሰፈር ልጆቹ፣ ጸጉራቸውን በቅባት የሚያስተኙት፣ «ግሪዘር» ይባላሉ። አንድ ጓደኛዋ ከሲኒማ ቤት በእግሩ ሲመለስ ድሃ መስሎ በመታየቱ ብቻ ተደበደበ። እርሷም ተናዳ ቤቷ ገብታ መጻፍ ጀመረች። ስትጀምር አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አብዛኛውን የጻፈችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያው ጊዜ አባቷ በካንሰር ታሞ ሞተ። በዚያው ዓመትም በድርሰት ትምህርት ያገኘችው ውጤት «ዲ» ነበር። አስተማሪ የነበራችሁ ሁሉ ይህችን አንብባችሁ ትንሽ ዝም በሉ።

የአሳታሚው ውል እጇ የገባው ሃይስኩል በጨረሰችበት ቀን ነው፤ መጽሐፉም በ1967 ወጣ። ደራሲዋ ሴት መሆኗ ከታወቀ ወንዶች አያነቡትም ተብሎ ስሟ በመጀመሪያ ፊደሎቹ ብቻ «ኤስ ኢ ሂንተን» ተብሎ ታተመ። ታሪኩን የሚነግረን ወላጆቹን በአደጋ ያጣና በታላላቅ ወንድሞቹ እጅ የሚያድግ፣ ፖኒቦይ የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ጩቤ አለ፣ ሞትም አለ። ነገር ግን የመጽሐፉ ፍሬ ጩቤው አይደለም። ከሁለቱም ወገን ያሉ ልጆች ማታ ማታ አንዱን ፀሐይ ሲጠልቅ የሚያዩ መሆናቸውን ማወቃቸው ነው።

ሂንተን የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ለእኛ ለወጣቶች የሚጻፈው ሁሉ ስለ ጭፈራ ምሽት ነው፤ እኛ የምንኖረውን የሚጽፍ የለም። ሰው ሲጽፍላት ብትጠብቅ ስላጣች ራሷ ጻፈችው። በ1980 በካሊፎርኒያ ግዛት ፍሬስኖ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና ተማሪዎቿ ለፊልም ሠሪው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ ፊልም እንዲሆን ለመኑ፤ በ1983 ፊልሙ ወጣ። በ2024 ደግሞ በብሮድዌይ የሙዚቃ ትያትር ሆኖ የዓመቱን ምርጥ ሙዚቃዊ ትያትር የቶኒ ሽልማት ወሰደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቡኮ!

በዚያው ሰሞን አንድ የሙያ አጋሬም ተነሣ። ፖል ዚንደል በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ለአሥር ዓመት ያህል ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። በ1968 ያወጣው «ዘ ፒግማን» ሁለት ተማሪዎች በስልክ ሲቀልዱ ስላገኙት አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ይተርካል። ሚስቱ ሞታለች፤ እርሱ ግን ለእንግዶቹ ልክ መንገድ እንደ ሄደች አድርጎ ይናገራል። ልጆቹ ቤታቸው ያጡትን ጆሮ እርሱ ዘንድ ያገኛሉ፤ በኋላም እምነቱን ያጎድላሉ። ዚንደል ይህን የጻፈው የአስተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ልጆች የሚሆኑትን ሲያይ የኖረ ሰው ስለ ሆነ ነው።

ምግብ ቤት ያለው አባት

አሁን ለእኛ ወደሚቀርበው መጽሐፍ ደርሰናል። ትሪኒዳድ የተወለደችው ሮዛ ጊ በ1930ዎቹ በልጅነቷ ወደ ኒው ዮርክ ሃርለም መጣች። ወላጆቿ ሞቱባት፤ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ስታድግ የሃርለም ደራስያንን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። በ1973 «ዘ ፍሬንድስ» (ጓደኛሞቹ) የተባለውን ልቦለድ አወጣች።

ፊሊሲያ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከካሪቢያን ደሴት ሃርለም ከመጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። አነጋገሯ የተለየ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥም መልስ ስለምታውቅ ልጆቹ ይሰድቧታል፣ ይደበድቧታል። የሚሰድቧት ደግሞ እንደ እርሷ ጥቁሮች ናቸው። የምትጠጋት አንዲት ልጅ ብቻ አለች፦ ኢዲት። ኢዲት ካልሲዋ የተቀደደ፣ ኮቷ የነተበ፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ድሃ ናት። ፊሊሲያ ታፍርባታለች። አባቷ ካልቪን ደግሞ ኮስታራና ኩሩ ሰው ነው፤ ኢዲት ቤት ስትመጣ አዋርዶ ያባርራታል። ልጆቼ ከእንዲህ ያለች ጋር አይውሉም ይላል። ትልቅ ምግብ ቤት እንዳለውም ሁልጊዜ ይናገራል። አንድ ቀን ፊሊሲያ ምግብ ቤቱን በዓይኗ ስታየው፣ ላብ በላብ የሆኑ ሠራተኞች የሚበሉበት ትንሽ ቤት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሰው አታውቁትም ወይ? እኔ አውቀዋለሁ። አገር ቤት ለሚደውሉ ዘመዶቹ ሥራው ምን እንደ ሆነ በደንብ የማይናገር፣ የልጁን ጓደኛ በልብሱ የሚመዝን፣ «ወደ አገራችሁ እመልሳችኋለሁ» እያለ ልጆቹን የሚያስፈራራ ስንት አለ! ካልቪንም እንደዚሁ ልጆቹን ወደ ደሴቱ ሊመልስ ይዘጋጃል። ሮዛ ጊ ግን ካልቪንን አውሬ አላደረገችውም። ሚስቱ በካንሰር ስትሞት የሚይዘው የሚጨብጠው የጠፋበት፣ ልጆቹን በፍርሃት የሚወድ ሰው አድርጋ ነው የጻፈችው። ቤቱን ያናጋው ድህነቱ ሳይሆን መደባበቁ ነው። አባት ምግብ ቤቱን ደበቀ፣ እናት ሕመሟን ደበቀች፣ ልጅ ጓደኛዋን ደበቀች። መጽሐፉ መፍትሔ ማግኘት የሚጀምረው ፊሊሲያ አባቷ ፊት ቆማ እውነቱን ስትናገር ነው።

የሚጠብቅ አባትና የውሸት ማስታወሻ

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ወላጅ ትልቁ ፍርሃት አደንዛዥ ዕፅ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

አንደኛው በ1971 የወጣው «ጎ አስክ አሊስ» ነው። የደራሲው ስም አልተጻፈበትም፤ በዕፅ የጠፋች የአንዲት ልጅ እውነተኛ ማስታወሻ ነው ተብሎ ወጣ። ልጅቷ በአንድ ግብዣ ላይ ሳታውቅ በመጠጥ ውስጥ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ቁልቁል ትወርዳለች፤ በመጨረሻም ትሞታለች። መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፤ ወላጆችና አስተማሪዎችም ለልጆች አከፋፈሉት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ከጀርባው ያለችው ቢያትሪስ ስፓርክስ የተባለች በዩታ ግዛት የምትኖር ጎልማሳ ሴት እንደ ሆነች ታወቀ። ዋናው ማስታወሻ ለሕዝብ ታይቶ አያውቅም። በቅጂ መብት መዝገብም ደራሲዋ እርሷው ሆና ነው የተገኘችው። ስፓርክስ ከዚያ በኋላም ሌሎች «እውነተኛ ማስታወሻዎች» አወጣች። ሪክ ኤመርሰን የተባለ ጸሐፊ በ2022 ነገሩን ከሥር መሠረቱ መርምሮ አንድ መጽሐፍ ጽፎበታል።

ሁለተኛው በ1973 የወጣው የአሊስ ቺልድረስ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ረዥም ነው፤ ጀግና ማለት ሳንድዊች ብቻ ነው እንደ ማለት ያለ የሃርለም ልጆች አነጋገር ነው። ቤንጂ የሚባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሄሮይን ጀምሯል። ቺልድረስ ታሪኩን ለአንድ ሰው አልሰጠችም፤ ልጁ ይናገራል፣ እናቱ ትናገራለች፣ እንጀራ አባቱ ይናገራል፣ አስተማሪዎቹ ይናገራሉ፣ ዕፁን የሚሸጠው እንኳ ይናገራል። ሁሉም ተራ ደርሶት ሲናገር እኛ እንሰማለን። መጨረሻው ሞትም ድኅነትም አይደለም። እንጀራ አባቱ በተቀጣጠሩበት ቦታ ቆሞ ቤንጂን ይጠብቃል። ልጁ ይምጣ አይምጣ አልተነገረንም።

እንግዲህ ፍረዱ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለልጅ «ብትነኪ ትሞቻለሽ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ወደ እኛ ወደ ትልልቆቹ ዞሮ «መጥታችሁ ትጠብቁታላችሁ ወይ?» ይላል። የመጀመሪያው በገበያ በለጠ፤ እውነቱ ግን ከሁለተኛው ጋር ነበር።

የተወረወሩት መጻሕፍት

በ1975 ጁዲ ብሉም «ፎርኤቨር» (ለዘላለም) የተባለውን ልቦለድ አወጣች። ያን ጊዜ በወጣት ልቦለድ ውስጥ ከጋብቻ በፊት ወንድ ያወቀች ልጅ ወይ ታረግዛለች፣ ወይ ትሞታለች። የደራሲዋ ልጅ ራንዲ ማንም የማይሞትበት የፍቅር ታሪክ እንድትጽፍላት እናቷን ጠየቀች፤ እናትም ጻፈች። ካትሪንና ማይክል ይዋደዳሉ፣ ግንኙነት ይጀምራሉ፣ ለዘላለም ነው ይላሉ፣ ከዚያም ፍቅሩ ያልቃል፤ ሕይወት ይቀጥላል። መጽሐፉ ግልጽ ነው፤ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያም ይናገራል። ለልጆቻችሁ ግዙላቸው አልላችሁም፤ ያ የእናንተ ፈንታ ነው። ነገር ግን የአንዲት እናት ለልጇ ጥያቄ የሰጠችው መልስ መሆኑን እወቁ።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ጠብ ማስነሣታቸው አልቀረም። በ1976 በኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ የአይላንድ ትሪስ የትምህርት ቦርድ በርካታ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤቶቹ ቤተ መጻሕፍት አስወጣ። ከነዚያ ውስጥ የቺልድረስ መጽሐፍ አለበት፤ «ጎ አስክ አሊስ»ም አለበት። ስቲቨን ፒኮ የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሆኖ ቦርዱን ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1982 ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ተማሪዎቹን ደገፉ። የውሳኔው ፍሬ ነገር የትምህርት ቦርድ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ስላልወደደው ብቻ ከመደርደሪያ ሊያወርደው አይችልም የሚል ነው። መጻሕፍቱም ተመለሱ። ክርክሩ ግን አላለቀም። በ2024 የዩታ ግዛት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲወጡ ባደረጋቸው 13 መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ «ፎርኤቨር» ይገኛል። በዓመቱ በ2025 ደግሞ ያው ታሪክ ሎስ አንጀለስ ወዳሉ ጥቁር ወጣቶች ተዛውሮ በኔትፍሊክስ ቀርቧል።

በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ደግሞ ገበያው በችግር ታሪክ ደከመውና ወደ ጣፋጩ ተመለሰ። በ1983 የጀመረው የፍራንሲን ፓስካል «ስዊት ቫሊ ሃይ» ስለ ሁለት ጸጉረ ወርቃማ መንትዮች የሚተርክ ተከታታይ ነው፤ በካሊፎርኒያ ፀሐይ ሥር ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ባለ መኪና ነው። የቤተ መጻሕፍቱ የሽያጭ ጠረጴዛ ላይ ዛሬም በብዛት የማገኘው እርሱን ነው። አልንቀውም፤ የሰው ልጅ ሕልምም ያምረዋል። ነገር ግን ገና ከስደት መጥታ እንግሊዝኛዋ የሚሳቅበት ልጅ በዚያ ከተማ ውስጥ ራሷን አታገኝም። ፊሊሲያን ግን ታገኛለች።

ለእኛ ምን ይበጃል?

በየቤታችን ያለውን እናውቀዋለን። አባት ሌሊት ሲነዳ ያድራል፣ እናት ድርብ ፈረቃ ትሠራለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» «ደኅና።» በቃ። ልጁ በእንግሊዝኛ ያስባል፣ እኛ በአማርኛ እንቆጣለን። ስለ ፍቅር፣ ስለ ዕፅ፣ ስለ መሰደብ የሚነጋገርበት አማርኛ እኛ አላስተማርነውም፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ እኛ አናውቀውም። በመካከል ያለው ዝምታ አደገኛ ነው። ልጅ የሚጠፋው አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነውና።

ሳስተምር የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ተማሪን ስለ ራሱ ብትጠይቁት ይዘጋል፤ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ሰው ብትጠይቁት ይከፈታል። «አንተስ እንዲህ ታደርጋለህ?» አትበሉት። «ፖኒቦይ ለምን ለታላቅ ወንድሙ አልነገረውም?» በሉት። «የፊሊሲያ አባት ትክክል ነበር ወይ?» በሉት። ልጁ ስለ ፊሊሲያ አባት ሲመልስላችሁ ስለ እናንተ እየመለሰ ነው፤ ስለዚህ መልሱን ሳትቆጡ እስከ መጨረሻው ስሙት።

ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ በነፃ ይሰጣል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ሁለት መቶ ገጽ ቢሆኑ ነው፤ እንግሊዝኛቸውም ለወጣት የተጻፈ ስለ ሆነ ቋንቋውን ገና ለሚለማመድ ሰው ከጋዜጣ ይቀላል። ከ«ዘ ፍሬንድስ» ጀምሩ፤ ቀጥሎ «ዘ አውትሳይደርስ»ን፣ ቀጥሎ የቺልድረስን። ልጃችሁ ያላነበበውን እናንተ ቀድማችሁ ብታነቡ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለዋል፤ ወላጁን የሚያስተምርበት አጋጣሚ ሲበዛ፣ ወላጁ የሚያስደንቀው አጋጣሚ ግን በዚህ አገር ጥቂት ነውና።

እነዚያ መጻሕፍት ከአርባና ከአምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ቅባቱ ከጎረምሶቹ ጸጉር ወርዷል፣ የግድግዳው ስልክም ተነቅሏል። አዲስ መጥቶ በአነጋገሩ የሚሰደበው ልጅ ግን ዛሬም በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ማታም ወደ እናንተ ቤት ይመለሳል። በሩን ሲከፍት የሚያዳምጠው ሰው ይጠብቀው።

ቸር ሰንብቱ።